የፈረንጅ አደይ

ካትክልቱ ቦታ

ከወንዛዬ አካባቢ አንዲት እመቤት ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ጥያቄያቸው የብዙዎቻችሁም ሊሆን ይችላል ብዬ ስላሰብሁ ቃላቸውን ሳልቀንስ እነሆ አቀርበዋለሁ።

«ግቢዬ ዛፍ የሌለበት ጭንጫ ነው፤ ፀሐይ ከጥዋት እስከ ማታ አይለየውም። ጽጌረዳ ብተክል መጋቢት አቃጠለብኝ፤ ዳልያ ብተክል ክረምት አበሰበሰብኝ። አሁን ካሜሪካ የመጣች የእኅቴ ልጅ በወረቀት የታሸገ ዘር ሰጠችኝ። በወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል ቁርጥ አደይ ነው። ስሙ ግን ኮርዮፕሲስ ይባላል አለችኝ፤ እንዳደይ በመስከረም ታይቶ የሚጠፋ ሳይሆን ከሥሩ እያቆጠቆጠ ካመት ዓመት የሚቆይ፣ ሙቀትም የማይበግረው ነው አለችኝ። እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ እንዴት አድርጌ ልትከለው?»

እመቤቴ፤ እውነት ነው፤ የእኅትዎ ልጅ አልዋሸችዎትም። ነገር ግን ይህን አበባ እኔም ደብረ ታቦር ባለው ግቢዬ ተክዬው ሁለት ስሕተት ሠርቼበታለሁ። የመጀመሪያው ስሕተት ያስከፈለኝ የዘሩን ዋጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ መልሴ ረዘም ቢል አይቀየሙኝ።

ወንዛዬን ለማያውቁት አንባብያን አንድ ቃል ልበል። ወንዛዬ በደቡብ ጎንደር፣ በጉማራ ወንዝ ዳር ያለ የፍል ውኃ ቦታ ነው። ወገቡን ያመመው፣ ጉልበቱን የያዘው ሰው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ እየወረደ ይታጠብበታል። «እየወረደ» ማለቴ በምክንያት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ አጥንት የሚሰብር ደጋ ናት። ወንዛዬ ግን ወደ ጣና ሜዳ በሚያወርደው በኩል ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ወይና ደጋ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐዩ ድንጋዩን ያግለዋል። ጉማራም ከጉና ተራራ በኩል ተነሥቶ፣ በወንዛዬ አልፎ፣ የፎገራን ሜዳ ተሻግሮ ጣና ይገባል። ይህን የወንዙን ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አበባው። ሥዕሉ ቁርጥ አደይ መምሰሉ እንዲያው ባጋጣሚ አይደለም። ኮርዮፕሲስና አደይ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። የዕፅዋት ሊቃውንት ዳልያን፣ ኮስሞስን፣ ኮርዮፕሲስንና አደይን ባንድ ነገድ ይቈጥሯቸዋል። የኮርዮፕሲስንና ያደይን አበባ ባንድ እጅ ይዘው ቢያዩዋቸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ስምንት ስምንት ቢጫ ቅጠል ያገኛሉ፤ ገልብጠው ከሥር ቢመለከቱም አበባውን ያቀፉት አረንጓዴ ቅጠሎች በሁለቱም ዘንድ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ኮርዮፕሲስ የሚለየው ብዙውን ጊዜ የቢጫው ቅጠል ጫፍ እንደ ተቀደደ ወረቀት ጥርስ ጥርስ ስለሚል ነው።

ዝምድናቸው ሰፊ ስለ ሆነ ሊቃውንቱንም ሲያሳስት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1837 ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 እስከ ሞተ ድረስ እዚሁ ኖረ፤ ያገራችንንም ቅጠልና አበባ እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ሊቃውንት አደይ ከምንላቸው አበቦች አንዷን «ኮርዮፕሲስ ፕሬስቲናሪያ» ብለው መዝግበዋት ነበር። ሌሎችም ያፍሪቃ ዘመዶቿ እንዲሁ ኮርዮፕሲስ ሲባሉ ቆዩ። ኋላ ግን ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናትና ከዚያም ወዲህ በጻፏቸው ሥራዎች ያፍሪቃዎቹ ቢደንስ በሚባለው ወገን እንዲጠቃለሉ አደረጉ፤ ኮርዮፕሲስ የሚለው ስም ላሜሪካኖቹ ቀረ። እንግዲህ የእኅትዎ ልጅ ያመጣችልዎ አበባ ካደይ ጋር ባንድ ስም ይጠራ የነበረ፣ ኋላ ወደ ሌላ ማኅደር የተዛወረ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

ስማቸውን ከነትርጉሙ ብነግርዎ ይስቃሉ። ኮርዮፕሲስ በግሪክ ቋንቋ «ትኋን መሳይ» ማለት ነው፤ ዘሩ ጠፍጣፋና ጠቆር ያለ ስለ ሆነ ነው። እንግሊዞችም «የመዥገር ዘር» ይሉታል። ቢደንስ ደግሞ በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» ነው፤ በነጠላችን ጥለት ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረን የሰይጣን መርፌ የዚሁ ወገን ልጅ ነው። ፈረንጆቹ ስም ሲያወጡ ያዩት ዘሩን መሆን አለበት። የኛ ሰው ግን ቀና ብሎ አበባውን አየና አደይ አለ።

ወደ መትከሉ እንግባ። በመጀመሪያ የወረቀቱን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ኮርዮፕሲስ የሚባለው ብዙ ዓይነት ነውና። ቲንክቶሪያ የሚል ካለበት ዓመታዊ ነው፤ አብቦ፣ ዘርቶ ይደርቃል። ላንሴኦላታ ወይም ግራንዲፍሎራ የሚል ከሆነ ግን ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው ነው። ቬርቲሲላታ የሚባለው ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ ድርቅን አጥብቆ የሚችል ነው፤ ከዚሁ መልክ ሙንቢም የሚባለው ፈዘዝ ያለ ቢጫ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሜሪካ የዓመቱ ቋሚ አበባ ተብሎ ተመርጦ ነበር፤ እርሱ ግን የሚበቅል ዘር ስለማይሰጥ የሚራባው ሥሩ እየተከፈለ ነው።

ከዘር ለሚጀምር ሰው ኧርሊ ሰንራይዝ የሚባለውን የግራንዲፍሎራ ዓይነት እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ባሜሪካ የዘር ውድድር ተሸልሟል፤ ለሽልማቱ ሳይሆን ለሌላ ነገሩ ነው የምመርጠው። በውጭ አገር ብዙዎቹ ቋሚ ኮርዮፕሲሶች በደንብ የሚያብቡት መጀመሪያ የበረዶውን ወራት ብርድ ቀምሰው፣ ቀጥሎም ቀኑ ሲረዝምላቸው ነው። ይህኛው ብርዱን አይጠብቅም፤ በተዘራበት ዓመት ያብባል። የቀኑን ርዝመት ግን እርሱም ይወደዋል። በእኛ አገር ደግሞ በሰኔ እንኳ ቀኑ 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ በወረቀቱ ሥዕል ላይ እንዳለው ቅጠሉ እስከማይታይ ያብባል ብለው አይጠብቁ። እኔ ዘንድ ጥቂት ጥቂት እያለ፣ አንዱ ሲጠወልግ ሌላው እየፈነዳ ብዙ ወር ይቆያል። ለኔ ይበቃኛል።

የመጀመሪያው ስሕተቴ እነሆ። ዘሩ በእጄ ሲገባ ክቡር እንግዳ ነው ብዬ፣ ለጽጌረዳ እንደማደርገው ሁለት ቅርጫት የበሰለ ፍግ መደቡ ላይ ገለበጥሁ፤ ማታ ማታም ውኃ አጠጣሁት። ቅጠሉ ጕልበቴ ደረሰ። አላፊ አግዳሚው ጎመን ነው ወይ እያለ ጠየቀኝ። አበባው ግን ጥቂት ነበር፤ ግንዱም ራሱን መሸከም አቅቶት ተኛ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። በደብረ ታቦር በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናም ይወርዳል፤ ከዚህም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ነው። ነሐሴ ሳያልቅ ሁሉም ከአንገቱ በስብሶ፣ ሲጎትቱት እንደ ተቀቀለ ድንች ሥሩ በእጅ የሚቀር ሆነ።

እንግዲህ «ሙቀት የማይበግረው» የሚለው ቃል ትክክል ቢሆንም ለኛ አገር ጐዶሎ ነው። ፈረንጆቹ ቋሚ አበባ ሲተክሉ የሚፈሩት የበረዶውን ወራት ነው። እኛ ዘንድ አበባ የሚገድለው ፀሐይም ብርድም አይደለም፤ በሥሩ ላይ የሚቆም ውኃ ነው። የእርስዎ ዳልያም በክረምት የበሰበሰው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ «ጭንጫ ነው» ብለው ያማረሩበት ግቢ ለዚህ አበባ ሀብት ነው። ዋልካ አፈር ያለበት ሰው ነው ማማረር የሚገባው።

እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። በነሐሴ መጨረሻ ከቤት ክፈፍ ሥር፣ ዝናም በማያገኘው ቦታ፣ ሥሩ በተበሳ ጣሳ ወይም ለሁለት በተቈረጠ ጀሪካን ውስጥ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ያድርጉ። ዘሩን አይቅበሩት፤ ብርሃን ይወዳልና ላዩ ላይ በተን አድርገው በመዳፍ ጫን ማለት ብቻ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል። መስከረም አጋምሶ ዝናሙ ሲቀንስ፣ ችግኙ ጠንከር ሲል ወደ መደቡ ያዛውሩት፤ በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ክንድ ሊሞላ ጥቂት የጎደለ ርቀት ይተዉ። በዚህ ጊዜ መሬቱ ከክረምቱ የተረፈ እርጥበት ስላለው ሥሩ እርሱን እየተከተለ ወደ ታች ይወርዳል። በጋው ሲደርስ ቦታውን ይዞ ይጠብቀዋል። በመጋቢት የተከለ ሰው ግን ችግኙን ከነሕፃንነቱ ለሐሩር ሰጠው ማለት ነው።

መደቡ ከግቢው ወለል አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ ዙሪያውንም በድንጋይ ይያዝ፤ ከላይ በኩል የጎርፉን ውኃ የሚያሳልፍ ቦይ ይቈፈርለት። ፍግ አያስፈልገውም፤ መሬቱ ከሲታ ከሆነ ብቻ አንድ ጭብጥ ብስባሽ በየእግሩ ይበቃዋል። ከምዕራቡ ግንብ ሥር አያስጠጉት፤ ፀሐዩን ሳይሆን ግንቡ ቀን ውጦ ሌሊት የሚተፋውን ወላፈን ነው የምፈራው። ውኃ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጥዋት፣ ጠገብ አድርጎ ማጠጣት በየማታው ከመርጨት ይሻላል፤ የሚረጨው ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ከላይ የቀረ ሥር ደግሞ መጋቢትን አይችልም። ቅጠሉ እኩለ ቀን ላይ ቢጠወልግ አይደንግጡ፤ ማታ ከተቃና ደኅና ነው። ሚያዝያ ላይ ከቁመቱ ሲሶውን ቢቈርጡለት ያርፋል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ እስከ አንድ መዳፍ ቁመት አጭደው፣ የወደቀውን ቅጠል ከሥሩ ጠርገው፣ አንገቱ ነፋስ እንዲያገኝ ያድርጉ።

የጠወለገውን አበባ በመቀስ መቍረጥ አይሰልቹ። ዘር መያዝ የጀመረ ተክል ሥራዬን ጨረስሁ ብሎ ማበቡን ይተዋል፤ ሲቈርጡበት ግን እንደገና ይሞክራል። ለዚህ ትእዛዝ ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ። ግራንዲፍሎራ ዕድሜው ረዥም አይደለም፤ በሁለትና በሦስት ዓመት መካከሉ ይራቆታል። ያን ጊዜ በመስከረም መጨረሻ በዶማ ነቅሎ፣ ጕድዱን በእጅ ከፋፍሎ፣ ወጣት የሆነውን ዳር ዳሩን መልሶ መትከል ነው። ክሽክሽ ቢይዘው ጥዋት በውኃ ማጠብ፤ ሌላ ጣጣ የለበትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተቴ ልምጣ።

የመጀመሪያው ተክሌ ከበሰበሰ በኋላ ውኃ የማይቆምበት፣ ተዳፋት የሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ፈለግሁ። በግቢዬና በጎረቤቴ ማሳ መካከል ሁለት ክንድ የሚሆን ያልታረሰ ድንበር ነበር። ልክ የሚፈለገው ቦታ ሁኖ አገኘሁት። በሰኔ ቈፈርሁት፤ ድንጋይ ደረደርሁለት። በሐምሌ ደግሞ መደቡ ላይ በብዛት የበቀለውን ቡቃያ አረም ነው ብዬ ልቅም አድርጌ ነቀልሁ፤ በመስከረምም የፈረንጁን ችግኝ ተከልሁበት። በሚቀጥለው ሐምሌም እንዲሁ አረምሁ። ኮርዮፕሲሱ በዚህ ቦታ እጅግ አማረበት።

የነቀልሁት አደይ ነበረች። ያ ድንበር ማንም ሳይዘራበት፣ ማንም ሳያጠጣው በየመስከረሙ ቢጫ የሚለብስ ቦታ ነበር፤ ልጄም ለዕንቁጣጣሽ የምትቀጥፈው ከዚያ ነበር። ይህን እያወቅሁ ቡቃያዋን አላወቅኋትም። የምናውቃት አበባዋን ብቻ ነውና። ለኮርዮፕሲስ የተስማማው ቦታ አስቀድሞ ላደይ የተስማማ መሆኑ ዛሬ ሳስበው አይደንቀኝም፤ ዘመዳሞች ናቸው፤ ምርጫቸው አንድ ነው።

አደይ የምንላቸው አብዛኞቹ ዓመታዊ ናቸው። በክረምት ይበቅላሉ፤ በመስከረም ያብባሉ፤ በጥቅምት ዘራቸውን አራግፈው ይደርቃሉ። ከሥር የሚያቆጠቁጥ ጕቶ የላቸውም፤ ሀብታቸው መሬት ላይ የረገፈው ዘር ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ዘር ሳታራግፍ የቀረች አደይ በሦስተኛው ዓመት ከየት ትመጣለች? እኔ ዘንድም አልመጣችም። በዚያ ዓመት ለዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጄና ጓደኞቿ አበባ ፍለጋ ወጡ። በየድንበሩ ዞሩ፤ ማሳው እስከ መንገዱ ጠርዝ ታርሷል፤ ያልታረሰውን ከብት ግጦታል። ሲመሽ ያገኙት አንድ ጭብጥ አይሞላም ነበር። ልጄ የጐደለውን ከመደቤ ቀጥፋ በኮርዮፕሲስ ሞላችው። በማግሥቱ አበባየሆሽ ሲሉ ከቤት ቤት ዞሩ። አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ከእቅፉ አንዷን መዝዘው ትንሽ ካገላበጡ በኋላ፣ «ቆንጆ ናት፤ ግን ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ። ልጄ ስቃ ነገረችኝ። እኔ አልሳቅሁም።

በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ቀፎ ያላቸው ጎረቤቴ በድንበሩ በኩል ቆመው፣ «ልጄ፤ ዘንድሮ ንቦቹ ያንተን ግቢ ዘለው ነው የሚሄዱ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ንብ ኮርዮፕሲስንም ትጎበኛለች። ነገር ግን አንድ መደብ አበባ ምን ሊሆን ነው? በደጋው አገራችን ከክረምት በኋላ የሚቈረጠው የጥቅምትና የኅዳር ማር ባብዛኛው ካደይና ከኑግ አበባ የሚመጣ ነው። አሮጌው ሰው ስለኔ ሁለት ክንድ ድንበር ብቻ አልነበረም የተናገሩት፤ ከሳቸው ማሳ በላይና በታች ያለውን ሁሉ እያዩ ነበር። እኔ ግን የራሴን ድርሻ ሰማሁ።

ቀደም ሲል የወንዙን ነገር ልብ ይበሉልኝ ብዬ ነበር። ጉማራ የሚገባበት ጣና እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በእምቦጭ መያዙን ያልሰማ የለም። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ሐምራዊ አበባው እጅግ ያማረ ስለ ሆነ በብዙ አገር የተሰራጨው ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው። ዛሬ የፎገራና የደንቢያ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ይውላል። ኮርዮፕሲስ የውኃ አረም አይደለም፤ ከእምቦጭ ጋር አላወዳድረውም። ነገር ግን ላንሴኦላታ የሚባለው ዓይነት ወደ ጃፓን ለጌጥ ገብቶ፣ በመንገድና በወንዝ ዳር ተዘርቶ፣ ኋላ ያገሬውን አበባ እየገፋ ስላስቸገረ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ያለ ፈቃድ መትከሉንና ማጓጓዙን በሕግ ከልክሏል። ጃፓኖችም መጀመሪያ ያዩት ቢጫ አበባ ነበር፤ ሌላ ነገር አላዩም።

እመቤቴ፤ አይትከሉት አልልዎትም። እኔም አልነቀልሁትም፤ ከድንበሩ አንሥቼ በቤቱ ደጃፍ፣ ዐይኔ በሚያርፍበት በድንጋይ በታጠረ መደብ መለስሁት እንጂ። እርስዎም ወረቀቱ ላይ ላንሴኦላታ የሚል ካዩ ይተዉት፤ ግራንዲፍሎራ ከሆነ ከቤት አጠገብ ይትከሉ። የጠወለገውን ራስ ዘር ሳይዝ ቍረጡ ማለቴ ለማበቡ ብቻ አልነበረም። የተቈረጠውንም ያቃጥሉት እንጂ ወደ ጉማራ አይጣሉት፤ ጎርፍ በሚያልፍበት ቦይ ዳርም አይድፉት።

የግቢዎን ዳር ግን ለባለ አገሯ ይተዉላት። እኔ እንዴት እንደ መለስኋት ልንገርዎ። በድንጋይ በታጠረ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ፣ ከብት በማይደርስበት፣ ማረሻም በማይነካው ቦታ አደይ በዝታ አየሁ። ካህኑን አስፈቅጄ በጥቅምት መጨረሻ ሄድሁ። አበባው ረግፎ ራሱ ሲደርቅ፣ ዘሩ ጠቍሮ እንደ ኮከብ ዙሪያውን ሲበተን ጊዜው ነው፤ አንድ ቀን ቢያሳልፉት ነፋስ ይወስደዋል። ራሱን በጨርቅ ላይ አራግፌ፣ በሰፌድ አንፍሼ፣ በአሮጌ ነጠላ ቋጥሬ እርጥበት በሌለበት ጓዳ ሰቀልሁት። ሁሉን አልወሰድሁም፤ ለቦታው ከግማሽ በላይ ተውሁለት። በግንቦት መጨረሻ ድንበሩን ጫር ጫር አድርጌ በተንሁት፤ አልቀበርሁትም፤ አላጠጣሁትምም። ሐምሌን እጄን አስሬ ዋልሁ። ባለፈው መስከረም ቈጠርኋቸው፤ 31 እግር አደይ አበበ። ከልጄ ጋርም ውል ገብተናል፤ ከሦስት አበባ አንዷን ትቀጥፋለች፤ ያውም በመቀስ፣ ሥሩን ሳትነቅል፤ ሁለቱ ለዘር ይቆማሉ። አሮጌው ጎረቤቴ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ቀፏቸውን ግን ወደ ድንበሩ ጠጋ አድርገው ሰቅለውታል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለእርስዎ አንድ ቍጥርጥር ልኬአለሁ። ውስጡ ያለው ጠቆር ያለ፣ ዳር ዳሩ ክንፍ የመሰለ ዘር የአደይ ነው፤ ከእኅትዎ ልጅ ወረቀት ጋር እንዳይቀላቅሉት። እስከ ግንቦት መጨረሻ ያቆዩት። ከዚያም በሐምሌ ሠራተኛዎ መኮትኮቻውን ይዞ ወደ ግቢው ዳር ሲሄድ ከኋላው ይሂዱ፤ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የበቀለ፣ እንደ ድንብላል ቅጠል የተሰነጣጠቀ ቡቃያ ካዩ ያስተዉት፤ እርሷ ናት።